በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ የራሳችሁን ቀለም አዘጋጁ፦ ለዓይንም ለአማርኛ ኮሜንትም የሚመች

ኮድ የሚጽፍ ሰው ከሚጽፈው በላይ ያነባል። ትናንት የጻፈውን ያነባል። ጓደኛው የላከለትን ያነባል። ስህተቱ የት እንደተደበቀ ሲፈልግ ደግሞ ያንኑ መስመር እየተመላለሰ ያነባል። የኤዲተሩ፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም፣ ቀለም ካልተመቸ ይሄ ሁሉ ንባብ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው።

በአማርኛ ኮሜንት፣ ማለትም በኮዱ መካከል ለሰው የሚተው ማስታወሻ፣ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ ይብሳል። አብዛኞቹ ቲሞች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚመጡ የቀለም ስብስቦች፣ የተሠሩት በላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ቀለበቱና ቅጥያው ብዙ ነው። ቀለሙ ትንሽ ሲደበዝዝ ጸ እና ጻ ይምታታሉ። ፣ እና ፤ ደግሞ አንድ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ቲሞች ሆን ብለው የሚያደበዝዙት ደግሞ ኮሜንቱን ነው። ኮሜንት ሁለተኛ ደረጃ ነገር ነው፣ ዓይን ኮዱ ላይ ይዋል ከሚል ሐሳብ የመጣ ልማድ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐሳባችንን በራሳችን ቋንቋ የምናስቀምጠው ኮሜንቱ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ብርሃን ማግኘት ያለበትም እሱ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ ሐሳብ ነው።

ለማሳያ የመረጥኩት ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ነው። ዶን ሆ የሚባል ሰው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነጻ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። የመጫኛ ፋይሉ ከ10 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ላይም ቶሎ ይወርዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አይንቀራፈፍም። ቀለሙን ለመቀየር ደግሞ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር በማውስ ያልቃል። ከኮድ ቋንቋዎች ፓይተንን እወስዳለሁ። ሌላ ቋንቋ ለምትጠቀሙም አካሄዱ ያው ነው። የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፦ ብርሃን ወይስ ጨለማ?

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ሞዱን ወስኑ። ሴቲንግስ የሚለውን ሜኑ ክፈቱና ፕሪፈረንስስ ግቡ። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ዳርክ ሞድ የሚለውን ምረጡ። ላይት ሞድ፣ ዳርክ ሞድ እና ፎሎው ዊንዶውስ የሚሉ ምርጫዎች ታያላችሁ። ዳርክ ሞድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ቨርዥን 8 ጀምሮ ነው። እናንተ ጋ ከሌለ ፕሮግራሙን አድሱት።

ይሄን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሞዱ ሲቀየር ቲሙም አብሮ ይቀየራል። ላይት ላይ ሆናችሁ የለፋችሁበት ቀለም ወደ ዳርክ ስትዞሩ አይከተላችሁም። ብዙ ሰው «ያስተካከልኩት ሁሉ ጠፋብኝ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። አልጠፋም፤ ሌላኛው ሞድ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ የምትሠሩበት ክፍል ነው። ቀን ቀን፣ በመስኮት ብርሃን በሚገባበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ላይት ይመረጣል። ጥቁር ስክሪን ላይ ከኮዱ ይልቅ የራሳችሁን ፊትና የመስኮቱን ነጸብራቅ ታያላችሁ። ማታ፣ መብራት በቀነሰ ክፍል ውስጥ ግን ዳርክ ያሳርፋል። አስቲግማቲዝም የሚባለው የዓይን ችግር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ በጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል ጭጋግ እንደለበሰ ሆኖ ይታያቸዋል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ሁለቱንም ሞክራችሁ ወስኑ።

ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውንም እዚሁ ላንሳ። የሚቆጥበው ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። እዚያ ላይ ጥቁር የሆነ ነጥብ መብራቱ ይጠፋል። ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ግን ከጀርባ ያለው መብራት ጥቁርም ሆነ ነጭ ቢታይ በርቶ ነው የሚቆየው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ኤልሲዲ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለማቆየት ከፈለጋችሁ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ቅጂ አውጡ

አብሮ የመጣውን ቲም በቀጥታ አትንኩት። ቅጂ አውጥታችሁ ቅጂው ላይ ሥሩ። ነገሩ ከተበላሸ ወደ ዋናው መመለስ ትችላላችሁ።

ፕሮግራሙ የተጫነበትን ፎልደር ክፈቱ። ብዙውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ፕሮግራም ፋይልስ በሚለው ሥር ነው። እዚያ ውስጥ ስታይለርስ ሞዴል የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። የነጩ ዋና ቲም መነሻ እሱ ነው። ቲምስ የሚል ፎልደርም አለ፤ በውስጡ ሞኖካይ፣ ዘንበርን፣ ሶላራይዝድ፣ ኦብሲዲያን እና ሌሎችም ተደርድረዋል። ለላይት የመጀመሪያውን ፋይል፣ ለዳርክ ደግሞ ከቲምስ ፎልደር የወደዳችሁትን አንዱን ኮፒ አድርጉ።

አሁን የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አፕዴታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ከሚመጡት ፎልደሮች ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ክፈቱ። ቲምስ የሚል ፎልደር ከሌለ በእንግሊዝኛ ፍጠሩት። ኮፒ ያደረጋችሁትን ፋይል እዚያ ፔስት አድርጉና አዲስ ስም ስጡት። ስሙ በላቲን ፊደል ቢሆን ይሻላል። መጨረሻው ላይ ያለውን የኤክስኤምኤል ቅጥያ አትንኩት። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። አዲሱ ቲም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ፕሮግራሙን ሳትጭኑ ከፍላሽ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ አፕዴታ አያስፈልጋችሁም። ሁሉም ነገር በራሱ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፦ የጀርባውን ቀለም ያዙ

አሁን የምታውቁትን አንድ የፓይተን ፋይል ክፈቱ። የአማርኛ ኮሜንት ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ከሌለ ይቺን መስመር ጨምሩበት፦

# የተማሪውን አማካይ ውጤት አስላ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ፣ ዜሮ መልስ።

በዚህች መስመር ላይ ፤ አለ፣ ፣ አለ፣ ። አለ። ከወንበራችሁ ሳትጠጉ ሦስቱን መለየት ከቻላችሁ ቀለሙ ሠርቷል። እስከ መጨረሻው ድረስ መፈተኛችን ትሆናለች።

ሴቲንግስ ውስጥ ስታይል ኮንፊግሬተር የሚለውን ክፈቱ። የሚመጣውን መስኮት ኮዱን በማይሸፍን ቦታ አድርጉት። ከላይ ሰሌክት ቲም በሚለው ዝርዝር የራሳችሁን ቲም ምረጡ። ከዚህ በኋላ የምትነኩት ነገር ሁሉ ወዲያው ኮዱ ላይ ይታያል። ካልወደዳችሁት ካንስል ስትሉ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ሳትፈሩ ሞክሩ።

በግራ በኩል ላንጉዌጅ የሚል ዝርዝር አለ። የመጀመሪያው ግሎባል ስታይልስ ነው። እሱን ስትጫኑ አጠገቡ ሌላ ዝርዝር ይከፈታል። ከዚያ ውስጥ ዲፎልት ስታይል የሚለውን ምረጡ። ፎርግራውንድ የፊደሉ ቀለም ነው። ባክግራውንድ የጀርባው ቀለም ነው። ትንሿን የቀለም ሳጥን ስትጫኑ ጥቂት ቀለሞች ይመጣሉ። እነሱን ተዉና ከታች ሞር ከለርስ የሚለውን ተጫኑ። ቀይ፣ አረንጓዴ እና ሰማያዊ መጠናቸውን ከ0 እስከ 255 በቁጥር የምታስገቡበት ቦታ ታገኛላችሁ። እኔ ሁልጊዜ በቁጥር ነው የምሠራው። ቁጥር ወረቀት ላይ ይያዛል፣ ለሌላ ሰው በስልክም ይነገራል።

ለላይት የምመክረው ጀርባ 253፣ 246፣ 227 ነው። ፈዘዝ ያለ የክሬም ቀለም ነው፤ የሶላራይዝድ ብርሃናማው ቲም ጀርባ ይሄው ነው። እንደ ንጹሕ ነጭ ዓይን ላይ አይወጋም። የፊደሉን ቀለም 40፣ 40፣ 40 አድርጉት። ለዳርክ ደግሞ ጀርባውን 40፣ 40፣ 40፣ ፊደሉን 235፣ 219፣ 178 አድርጉ። ንጹሕ ጥቁር ላይ ንጹሕ ነጭ አልመክርም። ለብዙ ሰዓት ሲነበብ ያደክማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ይመጣል። ጀርባውን ቀየራችሁ፤ ባዶው ቦታ ክሬም ሆነ፤ ከቃላቱ ሥር ግን ነጭ ነጭ ቁራጭ ቀረ። ምክንያቱ እያንዳንዱ የኮድ ዓይነት የራሱ የጀርባ ቀለም ስላለው ነው። ቁልፍ ቃል የራሱ አለው፣ ቁጥር የራሱ አለው፣ ኮሜንትም የራሱ አለው። አንድ በአንድ መቀየር ይቻላል፤ ግን ያሰለቻል። መፍትሔው ግሎባል ስታይልስ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያለው ግሎባል ኦቨርራይድ ነው። እሱን መርጣችሁ ጀርባውን ያንኑ 253፣ 246፣ 227፣ ዳርክ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ 40፣ 40፣ 40 አድርጉ። ከዚያ ኢኔብል ግሎባል ባክግራውንድ ከለር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ቁራጮቹ በአንዴ ይጠፋሉ።

ከእሱ ጎን ያለውን ኢኔብል ግሎባል ፎርግራውንድ ከለር ግን አትንኩት። እሱን ምልክት ያደረገ ሰው ኮዱ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ፓይተን ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ቢቀይር ምንም አይታይም። «ቀለሙ አልቀየር አለኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ይቺን ሳጥን እዩለት። ግሎባል ፎንት እና ግሎባል ፎንት ሳይዝ የሚሉትንም እንዳሉ ተዉአቸው። ቆይተን ለኮሜንቱ ብቻ የተለየ ፎንት ስለምንሰጥ እነሱ ያበላሹብናል።

በግራ ዳር የመስመር ቁጥሮቹ ያሉበት ቦታ በአሮጌው ቀለም ከቀረ ላይን ነምበር ማርጂን የሚለውን ፈልጋችሁ አስተካክሉት።

አራተኛ፦ ኮሜንቱን አብሩት

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። በፊደሉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ኮንትራስት ይባላል፤ የሚለካውም በሬሾ ነው። ትንሹ 1 ለ 1 ነው፤ ምንም አይታይም። ትልቁ 21 ለ 1 ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ። ደብሊው ሲ ኤ ጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ጠበቅ ባለው ደረጃው ደግሞ 7 ለ 1። ኤዲተር ድረ ገጽ ባይሆንም ዓይናችን ያው ነው፤ መለኪያው ያገለግላል።

በዚህ መለኪያ ታዋቂዎቹን ቲሞች ስናይ ነገሩ ይገለጣል። ሞኖካይን ዊመር ሃዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የሠራው። ጀርባው 39፣ 40፣ 34፣ ኮሜንቱ 117፣ 113፣ 94 ነው። ኮንትራስቱ 3 ለ 1 አካባቢ ነው። ሶላራይዝድን ኢታን ሹኖቨር እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣው። በጥንቃቄ የተመረጡ 16 ቀለሞች ያሉት፣ በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው። የጨለማው ቲም ኮሜንት ግን 2.8 ለ 1 ገደማ ላይ ነው። የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ነጩ ቲምም ፓይተን ላይ በሦስት ጥቅስ የታጠረውን ማብራሪያ ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ነጭ ላይ 2.5 ለ 1 ነው። ረጅሙን የአማርኛ ማብራሪያ የምንጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከላንጉዌጅ ዝርዝር ፓይተንን ምረጡ። ለክሬሙ ጀርባ እኔ የምጠቀምባቸው ቀለሞች እነዚህ ናቸው፦

ኮሜንት ላይን፦ 0፣ 100፣ 0። ጥልቅ አረንጓዴ። ኮንትራስቱ ወደ 7 ይጠጋል።
ትሪፕል እና ትሪፕል ደብል (በሦስት ጥቅስ የታጠረው)፦ 140፣ 50፣ 30። ቡናማ፣ ከ7 በላይ።
ስትሪንግ እና ካራክተር (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ)፦ ያው ቡናማ።
ኪወርድስ (ቁልፍ ቃላት)፦ 0፣ 60፣ 150፣ ቦልድ።
ነምበር፦ 120፣ 40፣ 120።

ለዳርክ ጀርባ ደግሞ ኮሜንቱን 150፣ 190፣ 130፣ ጽሑፉን 230፣ 160፣ 110፣ ቁልፍ ቃሉን 130፣ 170፣ 255፣ ቁጥሩን 210፣ 150፣ 220 አድርጉ። ሁሉም ከ6 ለ 1 በላይ ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ የቀሩት ብዙ ናቸው፤ ግን አትቸኩሉ። አራት አምስት ቀለም ይበቃል። ሁሉም ነገር ሲደምቅ ምኑም አይለይም።

ፓይተን ላይ ሁለት የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በኤፍ የሚጀምሩት ስትሪንጎች የራሳቸው ቦታ አላቸው። ኤፍ ስትሪንግ፣ ኤፍ ካራክተር እያላችሁ እነሱንም ለየብቻ ቀይሯቸው። ሁለተኛው፣ በሁለት መሰላል (##) የሚጀምር ኮሜንት «ኮሜንት ብሎክ» በሚለው ሥር ነው የሚገባው። እሱን ካልነካችሁት በአሮጌው ቀለም ይቀራል።

ኤችቲኤምኤል ለምትጽፉም አንድ ነገር ልጨምር። በዝርዝሩ ውስጥ ጃቫስክሪፕት ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ለብቻው ለተቀመጠ ፋይል፣ ሌላው ኢምቤድድ የሚል ቅጥያ ያለው በኤችቲኤምኤል ውስጥ ለገባው ነው። አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይርም።

አምስተኛ፦ ፊደላችንን ከነመልኩ

ቀለሙ ከተስተካከለ በኋላም ኮሜንቱ ካልተነበበ ችግሩ ፎንቱ ነው። እንደ ኮንሶላስ ያሉ የኮድ ፎንቶች የአማርኛ ፊደል የላቸውም። ዊንዶውስ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው የሚያሳየን። በ10 መጠን ለእንግሊዝኛ የሚበቃው ስፋት ለፊደላችን ይጠባል።

ኮሜንት ላይን የሚለውን እንደመረጣችሁ በቀኝ በኩል ፎንት ኔም የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ አብሮ ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርዶ መጫን ይቻላል፤ መስመሩ እኩልና ንጹሕ ስለሆነ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኒያላን የለመዳችሁ ደግሞ በዊንዶውስ ተጨማሪ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮፒክ ፎንቶች በሚለው ታገኙታላችሁ። ለኮዱ 10 የምትጠቀሙ ከሆነ ለኮሜንቱ 12 ስጡት። ለትሪፕል እና ለትሪፕል ደብልም እንዲሁ።

ይሄን ስታደርጉ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት በፋይሉ ሙሉ እንደሚሰፋ ታያላችሁ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የተሠራበት ሲንቲላ የሚባለው ሞተር ሁሉንም መስመር እኩል ቁመት ነው የሚሰጠው፤ ልኩን የሚወስደው ከትልቁ ፎንት ነው። እኔ እንዲያውም ተመችቶኛል። ስክሪናችሁ ትንሽ ከሆነና መስመር እንዳይባክን ከፈለጋችሁ 11 ላይ ቁሙ።

ከዚያ ኢታሊክ። ብዙ ቲሞች ኮሜንትን ያጋድሉታል። የላቲን ፊደል ራሱን ችሎ የተሳለ ኢታሊክ አለው። ኢብሪማም ሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ለእኛ ፊደል ኢታሊክ የላቸውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በጉልበት ያጣምመዋል። የ«ሐ» እና የ«ጠ» ቋሚ እግሮች ሲያጋድሉ ቃሉ በሙሉ የሚወድቅ ይመስላል። በአንዴ ለማጥፋት ግሎባል ኦቨርራይድ ውስጥ ገብታችሁ ኢታሊክ የሚለውን ራሱን ሳትመርጡ ኢኔብል ግሎባል ኢታሊክ የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጉ። ቲሙ የትም ቦታ ያጋደለው ፊደል ሁሉ ቀና ይላል።

ቦልድንም ለአማርኛ አልመክርም። እንደ ጬ፣ ሿ፣ ቋ ያሉት በትንሽ መጠን ሲወፍሩ በውስጣቸው ያለው ክፍተት ይደፈናል። ቦልዱን በእንግሊዝኛ ለሚጻፉት ቁልፍ ቃላት አስቀሩት።

በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ወይም የማይታወቅ ነገር ከመጣባችሁ ጉዳዩ የቀለምም የፎንትም አይደለም። ኢንኮዲንግ የሚለውን ሜኑ ክፈቱና ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አረጋግጡ።

ስድስተኛ፦ በግራጫ ፈትኑት

ቀለሙን መረጣችሁ፣ ወደዳችሁት። ሴቭ ኤንድ ክሎዝ ከማለታችሁ በፊት ስክሪኑን በሙሉ ግራጫ አድርጋችሁ እዩት። ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ግቡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ይባላል። ከለር ፊልተርስ የሚለውን ክፈቱና ግሬይስኬል ምረጡ። አቋራጭ ቁልፉን እዚያው ከፈቀዳችሁ በኋላ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና ሲ አንድ ላይ ስትጫኑ ያበራል፣ ያጠፋል።

አሁን ያቺን የመፈተኛ መስመር እዩ። ፤ እና ፣ ይለያሉ? ። ከኋላው ካለው ባዶ ቦታ ጎልቶ ይታያል? ካልታየ ቀለሙ የያዛችሁ በውበቱ እንጂ በብርሃኑ አይደለም። ላይት ላይ ከሆናችሁ አጥቁሩት፣ ዳርክ ላይ ከሆናችሁ አፍኩት። ሦስቱንም ቁጥሮች እኩል 15 እየቀነሳችሁ ወይም እየጨመራችሁ ሂዱ።

ይሄ ፈተና ሌላም ጥቅም አለው። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። አረንጓዴው ኮሜንትና ቡናማው ጽሑፍ ለእነሱ ተቀራራቢ ነው የሚሆነው። ግራጫው ላይም ተቀራራቢ ሆኖ ታዩታላችሁ። ለዚህ ነው ልዩነቱን በቀለም ላይ ብቻ ያልጣልኩት። ቁልፍ ቃሉ ቦልድ ነው፤ ኮሜንቱ በመጠን ይበልጣል። ቀለሙ ባይለይ እንኳ ቅርጹ ይለያል።

የቀሩት ትንንሾቹ

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። ሁሉም ግሎባል ስታይልስ ውስጥ ናቸው። ከረንት ላይን ባክግራውንድ ያላችሁበትን መስመር የሚያሳየው ነው፤ ለክሬሙ 245፣ 235፣ 205 በቂ ነው፣ ከጀርባው ብዙ አይራቅ። ሰሌክትድ ቴክስት ከለር ጽሑፍ ስትመርጡ የሚመጣው ነው፤ ኮሜንት መርጣችሁ መነበቡን አረጋግጡ። ስማርት ሃይላይቲንግ አንድ ቃል ደብል ክሊክ ስታደርጉ ተመሳሳዮቹን ሁሉ የሚያበራው ነው፤ ያለው አረንጓዴ ከበዛባችሁ አለዝቡት። ካሬት ከለር የሚያብለጨልጨው ጠቋሚ ነው። ዳርክ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ብሩህ አድርጉት። ውፍረቱን ደግሞ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ኤዲቲንግ በሚለው ሥር መጨመር ይቻላል።

ባድ ብሬስ ከለርን ግን አትርሱ። ያልተዘጋ ቅንፍን የሚያሳየው እሱ ነው። ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቆይ።

ለክፍልና ለጓደኛ

የምታስተምሩ ከሆነ ለፕሮጀክተር የተለየ ቲም አዘጋጁ። ፕሮጀክተር ጥቁር ማሳየት አይችልም፤ ጥቁር የሚመስለን መብራት ያልደረሰበት ግድግዳ ነው። መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ዳርክ ሞድ ግራጫ በግራጫ ይሆናል፤ ከኋላ የተቀመጡት ምንም አያዩም። ንጹሕ ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር ፊደል፣ ሦስት ጠቆር ያሉ ቀለሞች ብቻ ይበቃሉ። የክሬሙ ቲም ላይ የሰጠኋችሁ ቀለሞች ነጭ ላይም ይሠራሉ። ኮንትሮልን ይዛችሁ የማውሱን ጎማ ስታዞሩ ፊደሉ ያድጋል፤ ለክፍል እሱም ያስፈልጋል።

ቲሙን ለሌላ ሰው መስጠትም ቀላል ነው። አፕዴታ ውስጥ የሰየማችሁትን የኤክስኤምኤል ፋይል በቴሌግራም ላኩለት። እሱ ሴቲንግስ፣ ኢምፖርት፣ ኢምፖርት ስታይል ቲም ብሎ ያስገባዋል፤ ካስገባ በኋላ ፕሮግራሙን ዘግቶ ይክፈተው። የተጠቀማችሁበትን ፎንት እንዲጭን ንገሩት። ካልጫነ ኮሜንቱ በሌላ ፎንት ነው የሚመጣለት። ለራሳችሁም አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ አፕዴታ አብሮ ይሄዳል።

ሁሉን አድርጋችሁ አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ኮዱ ምንም ቀለም ከሌለው አትደንግጡ። ገና ያልተቀመጠ ፋይል ለፕሮግራሙ ተራ ጽሑፍ ነው። ላንጉዌጅ ከሚለው ሜኑ ፒ ሥር ፓይተንን ምረጡለት፣ ወይም በፓይተን ቅጥያ ሴቭ አድርጉት። ወዲያው ይቀባል።